አንገረብ ግድብን በፋሲካ ከነልጆች መዞር? ዙሩን ተዪው፣ በወገቡ ሂዱ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ጎንደር ነው ምንኖረው። ልጆቼ 9 እና 4 ዓመታቸው ነው፣ ለፋሲካ ደሞ እህቴ የ7 ዓመት ልጇን ይዛ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ እናቴም አብራን ናት፣ 63 ሆኗታል። አንዱን ቀን አንገረብ ግድብን ዙሪያውን በእግር ዞረን፣ እዛው ምሳ በልተን ልንመለስ አስበናል። ሚያዝያ ላይ ውሃው ስለሚቀንስ ዳር ዳሩ ደርቆ ሜዳ ይሆናል፣ ለልጆች ይመቻል ተብያለሁ። ስንት ሰዓት ይፈጅብናል? ልጆቹ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ቢነክሩስ፣ የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ንፁህ ነው አይደል? ለእህቴ ልጅስ ከፍታው አይከብዳትም?»

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጎንደር 2,100 እና 2,200 መሀል። ልጅቷ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው ምትመጣው። ካስቸገራት ሚያስቸግራት ሙቀቱ ነው፣ መጋቢትና ሚያዝያ እኛ ጋ ሙቀቱ ሚበረታበት ግዜ ነው፣ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ አካባቢ ይገባል፣ ፀሐዩ ደሞ ነፋስ ስላለ ሳይታወቅሽ ነው አፍንጫና ጆሮ ሚልጠው። ባለ ሰፊ ጠርዝ ኮፍያ አድርጉላቸው፣ ያ ከፊት ብቻ ምላስ ያለው ኬፕ ማጅራትና ጆሮ አይሸፍንም።

አሁን ወደ ዋናው። «ዳር ዳሩ ደርቆ ሜዳ ይሆናል» ያለሽ ሰው አልዋሸሽም፣ ያየውን ነው የነገረሽ፣ ግን ያየው ከሩቅ ነው። እኔ እዚህ አካባቢ ሰው እየመራሁ ስሄድ አስር ዓመት አልፎኛል፣ የውጭ ቱሪስትም የተማሪ ቡድንም ቤተሰብም፣ እና አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከልጆች ጋር ግድብ ጋ ስሄድ ከርቀቱ ይልቅ፣ ከዳገቱም ይልቅ ሚያሳስበኝ ያ ደርቆ ሜዳ የመሰለው ዳር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ግድብ ከሀይቅ ይለያል፣ ውሃ የሞላበት ሸለቆ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ከላይ ካሉት ተራሮችና ማሳዎች አፈሩን ጠርጎ ይዞ ይወርዳል፣ ሲሮጥ የነበረው ውሃ ግድቡ ውስጥ ገብቶ ሲቆም የተሸከመውን ሁሉ እዛው ይጥለዋል፣ ከባዱን አሸዋና ጠጠር ወንዙ ሚገባበት አፍ ላይ፣ ደቃቁን ጭቃ ደሞ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። አንገረብ በዚህ በደለል ጉዳይ ስሙ የታወቀ ነው፣ ውሃ መያዝ የነበረበትን ቦታ ደለል ሲበላው ኖሯል፣ ጎንደር ውሃ በፈረቃ ምንጠብቅበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው። እና ከመስከረም ጀምሮ ውሃው እየወረደ እየወረደ ይሄድና ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያ ሁሉ ደለል ይጋለጣል። ላዩን ፀሐይ ይመታዋል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ሸክላ ተደርድሮ የተነጠፈ ይመስላል። ፎቶ ላይ ደሞ እንዴት እንደሚያምር። ከስሩ ግን ያልበሰለ ገንፎ ነው። ቅርፊቱ አንዳንድ ቦታ አንድ ጣት ነው ውፍረቱ፣ አንዳንድ ቦታ አንድ ክንድ፣ ላዩን አይተሽ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አትችይም፣ እኔም አልችልም። ባንድ ቃል ማጥ ነው።

ተንኮሉ ደሞ ምኑ ላይ ነው፣ ልጅ ቀላል ስለሆነ ቅርፊቱ ይሸከመዋል። የ4 ዓመቱ ልጅሽ እየሮጠ ሃያ ሜትር ይገባል፣ ምንም አይሆንም፣ ከዛ አንቺ «ና ተመለስ» ብለሽ ልታመጪው ስትከተዪ አንቺ ትሰምጫለሽ፣ ወይ ደሞ እሱ ቅርፊቱ የሳሳበት ጋ ይደርሳል። በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ፣ ጥፋቱ የኔው ስለሆነ ማንንም አላማም። የዛሬ ስንት ዓመት ተማሪዎች ይዤ አንድ ግድብ ዳር አቋራጭ ልሂድ ብዬ (ከብቶች ሲሄዱበት አይቼ ነበር፣ ከብት ከሄደበት ሰው መች ያቅተዋል ብዬ) ሰባት ስምንት እርምጃ እንደሄድኩ ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበት ገባ። ሳወጣው ጫማው እዛው ቀረ፣ አንዱን ሳወጣ ሌላኛው ይገባል። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም እየሳቅሁ ነበር መጀመሪያ፣ ከዛ ሳቁ ቆመ። አንድ እረኛ ነው ዱላውን ወርውሮልኝ፣ «ተኛበት እንጂ አትቁምበት» ብሎ ያወጣኝ። በኋላ ስንጫወት ከብቶቹ የሄዱበት መንገድ በየቀኑ ስለሚረገጥ ጠጥሮ ነው፣ አንተ ከሱ በሁለት ክንድ ወጥተህ ነበር አለኝ። ይኸው እስከዛሬ ተማሪዎች ይዤ ስሄድ ይሄንን ሳልነግራቸው ጉዞ አልጀምርም።

የእረኛው ምክር ትክክል ነው፣ ያዢው። ሰው ማጥ ውስጥ ከገባ ቆሞ ሲታገል እየጠለቀ ነው ሚሄደው። ወደ ኋላ ጋደም ብሎ ክብደቱን ማስፋት፣ እግሩን ቀስ እያለ እያወዛወዘ ውሃና አየር በጎን እንዲገባ ማድረግ፣ ከዛ ወደ መጣበት አቅጣጫ መንፏቀቅ። ውጭ ያለው ሰው ደሞ ሮጦ አይገባም፣ ዱላ ወይ ጋቢ ወይ ነጠላ ይወረውራል፣ እሱም ጠንካራው መሬት ላይ ተቀምጦ ይይዛል። ለዚህ ስል ነው የሙቀት ግዜ ቢሆንም አንድ ጋቢ ያዙ ምለው፣ ለመቀመጫም ይሆናል።

ስለዚ «ስንት ሰዓት ይፈጃል» ለሚለው፣ በዳሩ ከሆነ ጭራሽ አትዙሩት። በላይ በኩልስ ብትይ፣ ከነዚህ ልጆች ጋር እሱም አይሆንም። ጎግል ማፕ ላይ ጣትሽን ውሃው ዙሪያ አዙረሽ ትንሽ ነገር መስሎሽ ይሆናል፣ ግን ሸለቆ ውሃ ሲሞላበት እንደ እጅ ጣት ነው ሚሆነው፣ ጅረት በገባበት በየቦታው ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንቺ በእግርሽ ያንን ጣት ሁሉ ወደ ላይ ወጥተሽ፣ ጅረቱን ተሻግረሽ፣ በማዶ ወርደሽ ነው ምትዞሪው። ጅረቱ ሚገባበት ደሞ ያው ደለሉ ሚበዛበት ቦታ ነው። ከዛ ሁሉ በላይ የዙር መንገድ ክፉ ፀባይ አለው፣ ግማሹን ካለፍሽ በኋላ ልጁ ደከመኝ ቢል መመለሱም መቀጠሉም እኩል ነው። ደርሶ መልስ መንገድ ግን የትም ቦታ ላይ «በቃ እንመለስ» ማለት ትችያለሽ፣ ሚጠብቅሽንም መንገድ አይተሽዋል። የ4 ዓመት ልጅ ወጣ ገባ መሬት ላይ፣ ድንጋዩን እያነሳ ጉንዳኑን እያየ፣ በሰዓት ከአንድ ኪሎሜትር ብዙም አይዘልም። ደርሶ መልስ ሁለት፣ ግፋ ቢል ሶስት ኪሎሜትር ነው የሱ ቀን። የ9 ዓመቷ ስድስት ትሄድ ይሆናል፣ ግን ጉዞ ሚለካው በትንሹ እግር ነው፣ ትልቋ ከተሰላቸች እየሮጠች ወደፊት ሄዳ ትመለስ፣ እሷ በራሷ ግዜ ስድስቱን ትሞላዋለች።

ውሃው ንፁህ ነው ወይ? አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል። ግድቡ ውስጥ ያለው ጥሬ ውሃ ነው፣ ወደ ቧንቧ ሚገባው ተጣርቶ ክሎሪን ተደርጎበት ነው። ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ክረምቱ ከየማሳው ከየጓሮው ያጠበውን ሁሉ ይዞ የገባበት ነው። እግር መንከር ሚለውን በተለይ እምቢ በይ። ቢልሃርዚያ ጎንደር ዙሪያም ጣና ዳርም የታወቀ በሽታ ነው፣ ትሉ ሚኖረው ሳር ያለበት ዝም ያለ ውሃ ዳር ላይ ባሉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው፣ ከነሱ ይወጣና በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቁስል አያስፈልገውም፣ መዋጥም አያስፈልገውም። ልጆች እግር ሚነክሩበት ቦታ ደሞ ልክ እሱ ነው፣ ጥልቅ ያልሆነው፣ ሞቅ ያለው፣ ሳር ያለው። ነክረው ከተገኙ ቶሎ በፎጣ አሽቶ ማድረቅ ጥሩ ነው ግን መተማመኛ አይሆንም። ሰገራ ምርመራም በማግስቱ ብትወስጃቸው ምንም አያሳይም፣ እንቁላሉ ሚታየው ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ያኔ አስመርምሪ፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በሀኪም ሚሰጥ ነው፣ በደንብ ይሰራል።

ሌላው አልቅት ነው። ከተማ ያደገ ሰው ተረት ይመስለዋል። ልጅ ከምንጭ ወይ ከጅረት ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ ክር ምታክል አልቅት በአፍ ገብታ ጉሮሮ ወይ አፍንጫ ውስጥ ትጣበቃለች፣ ደም እየመጠጠች እዛው ታድጋለች፣ ምልክቱ ሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ነስር፣ ደም የቀላቀለ ምራቅ፣ የጉሮሮ መከርከር፣ አንዳንዴ የድምፅ መጎርነን። እንዲህ ካየሽ ጨው ውሃ አጉመጥምጪ ምናምን ሚሉትን ትተሽ የአንገት በላይ ሀኪም ጋ ሂጂ፣ ቤት ውስጥ መጎተት ቆርጦ ያስቀራል። መከላከያው ቀላል ነው፣ ቤታችሁ ካፈላችሁት ውጭ ማንም ምንም አይጠጣም። ለስድስታችሁ ለግማሽ ቀን ስድስት ሊትር ያዙ፣ ለየልጁ የራሱን ትንሽ ሃይላንድ ስጪው፣ የራሱ ሲሆን ይጠጣል። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ መስሎ የተንሳፈፈ ነገር ካያችሁ ደሞ ዳሩንም አትጠጉ፣ በሙቀት ግዜ ሚበቅል ነው፣ አንዳንዱ መርዝ አለው።

ስለ መስጠም ብዙ አልልም፣ አንድ ነገር ብቻ። ሰው ሲሰምጥ ይጮሃል ብለሽ አትጠብቂ፣ ልጅ ዝም ብሎ ነው ሚሰምጠው፣ ከኋላሽ ሆኖ። ግድብ ደሞ እንደ ጣና ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም፣ የድሮው ገደል ከስሩ ስላለ ሁለት እርምጃ ጉልበት፣ ሶስተኛው ከራስ በላይ ነው። ከውሃው ሃምሳ እርምጃ ውስጥ ከሆናችሁ ትንሹ ልጅ እጁ በአዋቂ እጅ ነው፣ ያ አዋቂ ደሞ ስልክ አይነካም፣ ፎቶ ሚያነሳው ሌላ ሰው ይሁን። የግድቡ ግንብ፣ ትርፍ ውሃ ማስተንፈሻውና ውሃ ሚሳብበት አካባቢ መጫወቻ አይደለም፣ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው፣ ጥበቃ ካገኛችሁ አስፈቅዱ፣ አይቻልም ካሉ አትከራከሩ።

አሁን ማንም በግልፅ ማይፅፈውን ልፃፍ፣ ፀጥታ። ያለንበትን ግዜ ታውቂዋለሽ። ዛሬ ሰላም የሆነ መንገድ የዛሬ ሳምንት ላይሆን ይችላል፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ሚያዝያ ላይ ምን እንደሚሆን ልነግርሽ አልችልም። ስለዚ በዋዜማው ማታ እዛ ሰፈር ሚኖር ሰው ደውለሽ ጠይቂ፣ «ሰላም ነው» ብቻ ካለሽ አይበቃም፣ «ዛሬ ሰው እየሄደበት ነው ወይ፣ ገበያተኛው እየመጣ ነው ወይ» በዪው፣ መልሱ እዛ ላይ ነው። ያካባቢውን ሰው አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎረምሳም ቢሆን፣ የቀኑን አበል ክፈሉት፣ መንገዱንም ማጡንም ውሻውንም ያውቃል። ጥርጣሬ ካለሽ ደሞ ጉዞውን ሰርዢው፣ ልጅ ይዞ አይሞከርም።

ውሻ ካልኩ አይቀር። ገጠር ውስጥ ውሻ ስራው ነው መጮህ፣ ሰፈሩን ይጠብቃል። ልጆቹ እንዳይሮጡ ከቤት ሳትወጡ ንገሪያቸው፣ ይቁሙ፣ ከአዋቂ ኋላ ይሁኑ፣ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ ምታነሺ ምሰዪ፣ አብዛኛው እዛው ይመለሳል፣ ባለቤቱም እስኪጠራው ጠብቁ። ከነከሰ ወይ ቆዳ ከቧጠጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዛው በያዛችሁት ውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ቁስሉን እጠቡት፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ አስራ አምስት ደቂቃ ከሚመስልሽ በላይ ረጅም ነው፣ ከዛ በዛው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ የእብድ ውሻ ክትባት መጀመር። «ውሻው ጤነኛ ነው፣ የእገሌ ነው» ሚል ነገር አያዘግያችሁ፣ የባህል መድኃኒት አዋቂ ጋ መሄድም እንዲሁ፣ በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ ሚመልሰው መድኃኒት የለም፣ እኛ አካባቢ በዚህ የሞተ ልጅ ታሪክ ማያውቅ ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

እናትሽን በተመለከተ፣ 63 ብዙ አይደለም፣ ምናልባት ከሁላችሁም በተሻለ ይሄዱ ይሆናል፣ ፆሙን ሙሉ ለኪዳን ለቅዳሴ በእግር ሲመላለሱ የከረሙ ከሆነ። ሚጎዳቸው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው፣ ጉልበት ሚታመመው ሲወርዱ ነው፣ ስለዚ ዱላ ይያዙ፣ የከተማ ነጠላ ጫማ ሳይሆን ተረከዝ ሚይዝ ጫማ ያድርጉ። የደም ግፊት ኪኒን ከሆነ ሚወስዱት፣ በተለይ ሽንት ሚያበዛውን፣ ለሙቀት ቀን እንዴት እንደሚወስዱት ቀድመው ሀኪማቸውን ይጠይቁ። ደሞ እሳቸውን ልጅ አሸክመሽ አትሂጂ፣ የ4 ዓመቱ ሲደክመው «ለአያቴ ካልሆነ» ማለቱ አይቀርም፣ እሳቸውም እምቢ አይሉም፣ አንቺ እምቢ በይላቸው።

ስለዚ ምን ይሁን? የኔ ሀሳብ እንዲህ ነው፣ አጥብቄም ነው ምለው። በፋሲካ ሰሞን ውሃው ዳር አትውረዱ፣ ዙሩንም ተዉት። ሂዱ ግን በወገቡ ሂዱ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ ባለው የከብትና የገበያ መንገድ፣ ግድቡ ከታች እየታየ። ከላይ ሲያዩት እንደውም ይበልጥ ያምራል፣ ከዳሩ ሚታየው ጭቃ ብቻ ነው። ከቤት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ባጃጅ ወይ ሚኒባስ መንገዱ እስከሚያልቅበት ይውሰዳችሁ፣ 12:30 መራመድ ጀምሩ፣ 2 ሰዓት ላይ የትም ብትደርሱ ቁሙና ጥላ ፈልጋችሁ ቁርስ ብሉ። ደርሳችሁም ሳትደርሱም 3 ሰዓት ላይ ዙሩና ተመለሱ፣ 4:30 ሳይሞላ ባጃጁ ጋ ሁኑ። ምሳ እቤት ነው። ምሳውን እዛ እንብላ ካላችሁ በዛ ፀሐይ ከቀትር በኋላ ነው ምትመለሱት፣ ሚያዝያ ላይ ደሞ ከሰዓት ደመናው ድንገት ይሰበሰብና መብረቅ ያመጣል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከባህር ዛፍ ስር አትጠለሉ፣ ከጉብታው ውረዱና ወደ ቤት ወይ ወደ መኪና። ከላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ደሞ እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ጅረቱ በደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፣ ውሃው ቀለሙ ከተቀየረ ወይ ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ አትሻገሩ፣ ጠብቁ፣ ይጎድላል።

ቁርሱ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁሉም ሰው ለመንገድ ቆሎ ነው ሚይዘው፣ ሽምብራ ያለበት፣ ሱፍ ያለበት፣ ለውዝ ያለበት። ለትልልቆቹ ጥሩ ነው። ለ4 ዓመቱ ግን እየሄደ እየዘለለ ቆሎና ለውዝ አይሰጥም፣ ሳንባው ውስጥ ነው ሚገባው፣ እዛ ቦታ ላይ ሆናችሁ ደሞ ሆስፒታል ሩቅ ነው። ለሱ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ በሶ በጥብጣችሁ። ከፋሲካ በኋላ ከሆነ እንቁላል ቀቅሉ፣ የዶሮ ወጥ ትራፊ ግን በሙቀት አትያዙ፣ ይበላሻል። ልጣጩን፣ ፌስታሉን፣ ሶፍቱን መልሳችሁ አምጡ። ልጅ ሽንት ቤት ካለ ከውሃውም ከጅረቱም ቢያንስ መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ተቆፍሮ፣ ተሸፍኖ ይሁን፣ ያ ውሃ ዞሮ ዞሮ የኛው ቧንቧ ጋ ነው ሚመጣው። ተዳፋቱ ላይ እርከን ካያችሁ አትርገጡት፣ ገበሬው ድንጋይ በድንጋይ የደረደረው ያንን ደለል ለማስቀረት ነው፣ በመግቢያው በኩል ዙሩ። ማሳ ላይ ሚሰራ ሰው ስታገኙ «ያበርታችሁ» ማለትን ለልጆቹ አስተምሪያቸው፣ ከዛ በኋላ መንገዱን ራሱ ነው ሚያሳያችሁ።

ዙሩን ግን ልቤ አይተወውም ካልሽ፣ ለኅዳር አቆዪው። ዝናቡ አልፎ መንገዱ ይደርቃል፣ ዋልካው ከጫማ መጣበቁን ይተዋል፣ ግድቡ ገና ሙሉ ስለሆነ ያ ሁሉ ደለል ከውሃው ስር ነው፣ ጠዋት ብርድ ቢሆንም ቀኑ ለመራመድ ሚመች ነው፣ ወፉም ያኔ ነው ሚበዛው፣ ዳክዬው ይብራው ሽመላው። መስከረምና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አትቸኩዪ፣ ያምራል ግን ጭቃ ነው፣ ጅረቶቹም ገና አልጎደሉም። ኅዳር ላይ ማሳው እህል ላይ ስለሆነ በድንበሩ ነው ሚኬደው፣ አውድማ ካለም በዳር። ያኔም ቢሆን ከመንገድ መሪ ጋር ሁለቱ ትልልቆቹ ልጆች ይሂዱ፣ ትንሹ ከአያቱ ጋር ግማሽ መንገድ ድረስ ሄዶ ይመለስ። ወባ ያለበት ወቅት መሆኑንም አትርሺ፣ ጎንደር ከፍ ስላለች ከታች ጣና ዳር እንዳለው እንደ ደምቢያ አትሁን እንጂ ከጉዞ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ሳትዪ አስመርምሪ፣ ማታ ማታም ውሃ ዳር አትቆዩ።

ፋሲካ ላይ መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ወይ ሰው ካጣሽ ደሞ ቀኑ አይበላሽም። ከፋሲል መዋኛ ተነስታችሁ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም በእግር ውጡ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሰሩት ነው፣ እናትሽ ይሳለማሉ፣ ልጆቹ ፍርስራሹን ያያሉ፣ ዛፍና ነፋስ አለ፣ ከደከማቸው ባጃጅ መጥራት ይቻላል። የእህትሽ ልጅ ለዓመታት ምትነግረው እሱን ሊሆን ይችላል። ሩቅ መሄድ ከፈለጋችሁና መንገዱ ሰላም ከሆነ ኮሶዬ አለ፣ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎሜትር ገደማ፣ ገደል ስላለ ግን ለ4 ዓመት ልጅ እኔ አልመርጠውም።

ቦርሳው ውስጥ ከጋቢውና ከውሃው ሌላ ሳሙና፣ ንፁህ ጨርቅና ፋሻ፣ ለየልጁ ተቀያሪ ካልሲ፣ አንድ ፊሽካ ለትልቋ (ከጠፋች ባለችበት ቆማ ሶስት ጊዜ እንድትነፋ)፣ ቻርጅ የተሞላ ስልክ፣ ለሚጠብቃችሁ ሰውም ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ነግራችሁ። ከ5 ሰዓት እስከ 6 ካልደወላችሁለት እሱ ይደውላል፣ ካልተነሳ ያንን ሰፈር ያለውን ሰው ይደውላል፣ የሱን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ፅፈሽ እቤት አስቀምጪ።